ኳሷ በርበሬው ውስጥ ስትገባ

የወጣሁ ለታ ዶሮ እንኳ አልጮኸም ነበር። ከቡሬ ፍኖተ ሰላም የሚያደርሰኝ ሚኒባስ ደጃፍ ላይ ቆሞ ያጓራል፤ ታናሽ ወንድሜ ተገኘ ግን አልሸኝም ብሎ ኩታውን ተከናንቦ ከአጥሩ ጥግ ድንጋይ ላይ ተቀምጧል። ያባታችን ቤትና የኳስ ሜዳው አጥር ለአጥር ናቸው። ተገኘ ከዚያች ድንጋይ ላይ ሆኖ ጨዋታ ሲያይ ነው ያረጀው። በስልክ እንነጋገራለን እኮ ስለው፣ «ፊት ከሌለው ሰው ጋር ምን አወራለሁ፣ እታለም» አለኝ። «የፈለግሽኝ ጊዜ ከዚህች ድንጋይ አታጪኝም።»

ልጄ የሺ የወሰደችኝ ኖርዌይ ነው፣ በርገን ወደሚሉት ከተማ። እኔ ዝናብ የእኛ አገር ብቻ ያለ ይመስለኝ ነበር። የእኛው ክረምት ቢያንስ ለመስቀል ተሰናብቶ ይሄዳል፤ የዚህኛው መሄጃ የለውም። ድንች አላቸው፣ ግን ፈረስ ቤት ከሚባለው አገራችን እንደሚመጣው ድንች አፍ ውስጥ አይፈርስም፤ ሳሙና ሳሙና ይላል። ሰዉ ክፉ አይደለም፤ ብቻ ሰላምታ ያስደነግጠዋል። ደረጃ ላይ ያገኘኋትን ሴትዮ እንዴት አደርሽ ብዬ እጇን ብይዛት፣ ግድግዳውን ታክካ አመለጠችኝ።

የመኖሪያ ወረቀት የምትሰጠው ልጅ የተወለድሁበትን ቀን ጠየቀችኝ። የሺን «ትልቁ ወይራ የወደቀ ዓመት፣ ሰኔ ግም ሲል በያት» አልኋት። ልጅቱ ሰማች፣ አሰበች፣ ጃንዋሪ አንድ ብላ ጻፈች። ለካ እዚህ ቀኑን የማያውቅ ስደተኛ ሁሉ የሚወለደው በዚያች ቀን ነው። «እንግዲያማ ብዙ መንትዮች አሉኝ» ብዬ አስተረጎምሁ። ሳትስቅ ማኅተሟን መታች።

በሁለተኛው ዓመት የቡሬው ሰፈራችን የኳስ ክለብ ጨዋታውን በስልክ እየቀረጸ ላይቭ የሚሉትን ማስተላለፍ ጀመረ። ልጁ ሁሉ ተሰዶ ሜዳው ዳር የሚቆመው ሰው ሳስቶ ነበርና፣ ሰው ወደ ሜዳው ካልመጣ ሜዳውን ወደ ሰዉ እንውሰደው ብለው ነው። ቀራጩ ደጉ የሚባለው የክለቡ ጸሐፊ ነው። የሺ እሑድ እሑድ ትልቁ ቴሌቪዥን ላይ ታደርግልኛለች። እኔ ኳስ የት አውቄ፤ የማየው አጥራችንን ነው። ደጉ ደግሞ ዓይኑ ከኳሷ አይነቀልም። አጥሩ ጋ ሊደርስ ሲል ይመለሳል፣ ልቤም አብሮ ይመለሳል።

አንድ ቀን ቢመረኝ የሺን እንዲህ ብለሽ ጻፊለት አልኋት፦ «ደጉ፣ የሚሮጡትንማ አየናቸው። ቆመው የሚያዩትንም አሳየን። የተሰደደ ሰው ማን አሸነፈ ብሎ አይደለም የሚያየው፣ ማን አለ ብሎ ነው።»

ሰማኝ። በሚቀጥለው እሑድ በዕረፍቱ ሰዓት ስልኩን ይዞ ሜዳውን ዞረ፤ እያንዳንዱን ሰው ስምዎ ማነው፣ ማንን ሰላም ይላሉ እያለ። አንዷ እናት ቤይሩት ያለች ልጇን ስትጠራ፣ ልጅቱ እዚያው ሆና ስታያት ነበር አሉ። ከዚያ ወዲያ ተመልካቹ በዛ። ሽንዲ የተዳረች የአክስቴ ልጅ እንኳ፣ ቡሬ ለመምጣት እግሬን አመመኝ የምትለው፣ በስልኳ ማየት ጀመረች።

ደጉ ዞሮ ዞሮ ድንጋይዋ ጋ ደረሰ። ተገኘ ስልኩን ማሳ የገባች ፍየል እንደሚያይ አየና፣ «እታለም፣ ዝናቡ ቆመልሽ?» አለ። ቴሌቪዥኑ ፊት «አልቆመም!» ብዬ መለስሁ፤ እልልታዬንም አቀለጥሁት። ወዲያው የቤቱ ባለቤት፣ ከታች የሚኖረው ሽማግሌ፣ ማን ተጎዳ ብሎ እየሮጠ መጣ። የሺ የደስታ ነው አለችው። «ደስታ ከሆነ ቀስ ብላ ትደሰት» አለ።

የተገኘ በርበሬ ከአጥሩ ወዲያ ነው፤ ኳሷም እዚያ መግባት ትወዳለች። የተጋደመውን ተክል ያቃናና፣ «ቡሬ የታወቀችው በበርበሬ እንጂ በእናንተ ነው?» ብሎ ይወረውርላቸዋል። ጎል ከሚገባ ኳሷ በርበሬው ብትገባ የሚመርጥ ተመልካች ስንት ነበር።

ኅዳር ላይ ደጉ ወደ አጥሩ መዞሩን ተወ። የሺን ብጠይቃት ኔትወርኩ በዚያ በኩል አይሰራም አለች። ሰዎች ከሥር የሚጽፉትን ሁሉ ጮክ ብላ ታነብልኝ የነበረችው ልጅ፣ «ምን ይላሉ?» ስላት «ጎበዝ ይላሉ» ብቻ ትለኝ ጀመር።

በሦስተኛው እሑድ አንዱ ኳሷን አክርሮ መታት። የደጉ እጅ ልማዱ ነውና ተከተላት። በርበሬው ቀልቶ፣ ለቃሚ አጥቶ ረግፏል። ድንጋይዋ ላይ ማንም የለም። ከቤት ጥሩዬ፣ የወንድሜ ሚስት፣ ወጣች። ጥቁር ለብሳለች፣ ነጠላዋን አዘቅዝቃለች። አልወረወረችም፤ ኳሷን እንደ ሕፃን ታቅፋ እስከ አጥሩ አመጣችላቸው። ተጫዋቾቹ አንገታቸውን ደፉ። ስልኩ ወደ መሬት ዞረ። ከሥር አንድ ዓይነት ጽሑፍ ደጋግሞ ይወርዳል። ፊደል አላውቅም፤ ግን ሰው ሁሉ ተመሳሳይ ነገር የሚለው መቼ እንደሆነ አውቃለሁ። የሺ ተቋረጠ ብላ አጠፋችው።

በእኛ አገር ሰው እንዲሁ አይረዳም። መርዶ ሲነጋጋ ነው፣ ሰው ተሰብስቦ፣ የሚይዝ ክንድ ባለበት። እኔም ከስንቱ ደብቄያለሁ። የሺ ከኦስሎ የሚመጡ ሰዎች እየጠበቀች መሰለኝ፤ አልተቀየምኋትም። ግን ያልተረዳ ሰው አያለቅስም። ነጠላዬን አጥቤ፣ በየንጋቱ ተነሥቼ በሩን አያለሁ። የሚያንኳኳ የለም። ዕቃ ሳጥብ ውኃውን ከፍ አድርጌ እለቅቀዋለሁ፣ በዚያ ድምፅ ውስጥ ትንሽ ይወጣልኛል። የቤቱ ባለቤት ባለፈው ደረጃ ላይ ከየሺ ጋር አግኝቶን፣ እናትሽ አሁን አገሩን ለመደች፣ ጸጥ አለች ብሎ አመሰገነኝ። «ታክ» አልሁት። በእነርሱ አፍ እግዜር ይስጥልኝ ነው።

ይህን የሚጽፍልኝ የቤተ ክርስቲያናችን ዲያቆን ነው። እነ የሺ እስኪያረዱኝ ድረስ ለማንም እንዳያሳይ አስምዬዋለሁ።

ትናንት የሺ ሥራ ስትሄድ ደወልሁ። ጥሩዬ አነሣች። ተገኘስ አልኋት።

«ደኅና ናቸው። ገበያ ወርደው ነው።»

«በርበሬውን ለቀማችሁት?»

«እየለቀምን ነው።»

«ኳስ እንዳይሰብረው። ተገኘ ይቆጣል።»

ስትተነፍስ ሰማኋት። «አሁንማ አይቆጡም፣ እትዬ» አለችኝ።

በርቺ፣ ምግብ ብዪ፣ ብቻሽን አትደሪ አልኋት። ለምን አላለችኝም። በመስኮቱ ዝናቡ ይሰማል፣ ለእርሷም ሳይሰማት አልቀረም።

«እትዬ» አለችኝ፣ «ዝናቡ ቆመልዎ?»

«አልቆመም» አልኋት።