በወንድሜ ላይ ያወጣሁት ግጥም

ልጄ ሐያት ወልድያ ሁለተኛ ዲግሪዋን እየተማረች ነው። የምታጠናው ሬዲዮውም፣ ቴሌቪዥኑም፣ ስልኩም ሰውን እንዴት እንደሚያጣሉና እንዴት እንደሚያስታርቁ ነው አለችኝ። እኔ ከአራተኛ ክፍል ያቋረጥኩ ሴት ነኝ፤ ግማሹ አይገባኝም። በቀደም መርሳ ቤታችን መጥታ፣ ማንጎ እየላጥኩላት፣ ከመጠይቋ አንዱን አነበበችልኝ።

«እማ፣ በአካባቢሽ ጠብ ሲነሳ ወሬውን መጀመሪያ የምትሰሚው ከማን ነው?»

«እኔ ምኑን አውቄው» አልኳት።

ቀጥላ ልታነጋግራቸው ያሰበቻቸውን አበጋሮች ስም ጠራች። አበጋር ማለት በኛ በሀብሩ ደም የሚያደርቅ አስታራቂ ሽማግሌ ነው። ሦስተኛው ስም ላይ ስትደርስ ቢላዋው አውራ ጣቴን ቆረጠኝ። ይማም። ታናሽ ወንድሜን ሰይድን የገደለው ይማም። አሁን አስታራቂ ሆኗል! አላህ ያሳያችሁ።

ሐያት አጎቶች እንደነበሯት እንጂ ምን እንደደረሰባቸው አታውቅም። ደብቄያታለሁ። ከሱ አፍ ከምትሰማው ከኔ ትስማ ብዬ፣ እየፈራሁ ነገርኳት።

አሥራ ሰባት ዓመቴ ነበር። መንደራችን ከመርሳ በታች ቦዩን ተከትሎ የሚወርደው ነው። ያን ዓመት ዝናቡ ቀድሞ ቆመና ማሽላው ሊያዘረዝር ሲል ውሃ ጠማው። የቦይ ውሃ በተራ ነው፤ የኛ ሐሙስ ነበር። ሰይድ ሐሙስ ጠዋት ሲወርድ ይማም ውሃውን ወደ ራሱ ማሳ መልሶት አገኘው። ያዩት እንዳሉት ሰይድ ጎንበስ ብሎ በእጁ አፈር ሲደፍን፣ ይማም በአካፋ መታው። አንድ ጊዜ ብቻ። በቃሬዛ ሲያመጡት እግሩ ላይ የቦይ ጭቃ ነበረበት። 

ይማም ሸሽቶ ሐራ ዘመዶቹ ዘንድ ገባ። ሳምንት ሳይሞላው ሸህ እንድሪስ የሚባሉ አበጋር ለዕርቅ መጡ። አባታችን ሞቷልና መልስ የሚሰጠው ታላቃችን መሐመድ ነው። ዝምተኛ ሰው ነበር።

«ልጄ፣ ሰይድን አልመልስልህም» አሉት ሸህ። «ሁለተኛ ቀብር ግን ላስቀርልህ እችላለሁ።»

«ጊዜ ይስጡኝ፣ ሸህ። እናቴን ላማክር።»

«እስከ መቼ?»

«እስከ ጁምዓ።»

ከበሩ ኋላ ቆሜ ሰማሁ። ጊዜ ይስጡኝ! ወንድሙ አፈር ለብሶ እሱ ቀን ይቆጥራል።

በኛ አገር ወንድሙ የተገደለበት ወንድ ዝም ሲል ሴት ትናገራለች። ሸሆቹ ሙሾ ሐራም ነው ቢሉም ማን ይሰማቸዋል። እኔ ደግሞ ለሠርግም ለለቅሶም ግጥም በማውጣት የታወቅኩ ነበርኩ። በማግስቱ ሴቶቹ ለቅሶ ሲደርሱ ነጠላዬን ወገቤ ላይ አስሬ ተነሳሁ፦

የሰይድ ደም ፈሶ ቦዩ እስኪቀላ፣
መሐመድ ከጓዳ ንፍሮውን ሲበላ።

ጎረቤታችን ዘምዘም «እሰይ! ይቺን አፍሽን አይንሳን!» ብላ ተቀበለችኝ፤ ሌሎቹም ደጋገሙት።

ውሸት ነው። መሐመድ ከቀብሩ ጀምሮ እህል በአፉ አልዞረም። ጓዳ የገባው ሰው ፊት እንዳያለቅስ ነው። ያልተነካ ሳህኑን የማነሳው እኔ ነበርኩ፤ እንዴት አላውቅም? ግን «እስኪቀላ» ብዬ ጀምሬ ቤት የሚመታልኝ «ሲበላ» ሆነ። ጣፈጠኝና አወጣሁት።

ግጥሙ ውሃ ከሚቀዱት ጋር ወረደ፤ ብርቱካን ከጫነው መኪና ጋር መርሳ ወጣ። መሐመድ ገበያ ሲገባ አንዷ ጥራጥሬ ሻጭ «መሐመድ፣ ንፍሮ ልስፈርልህ?» አለችው፤ ገበያተኛው ሳቀ። ለጁምዓ አንድ ቀን ሲቀረው የአባታችንን ጠመንጃ ይዞ ወደ ሐራ ሄደ። ሲወጣ አይቼዋለሁ። አልከለከልኩትም። እውነቱን ልናገር፣ ልቤ እልል ብሏል።

ይማም አልሞተም፤ ጥይቱ ጉልበቱን ሰበረው። መሐመድ ወልድያ ታሰረ። ያቺ ዘምዘም ለምስክርነት ተጠርታ «እኔ እቴ፣ ምንም ግጥም አልሰማሁም» አለች። አፈሩ አይቅለላት። እኔ ስንቁን ቋጥሬ፣ በጭነት መኪና ላይ አቧራ ለብሼ፣ በሲሪንቃ በኩል እየወጣሁ እጠይቀው ነበር።

«ምን አመጣሽ?» ይለኛል።

«ጭኮ። በቅቤ ያሸሁት።»

«እኔኮ የምወደው ንፍሮ ነው፤ አንቺው ነሽ የተናገርሽው» ይልና እያየሁት ለእስረኞቹ ያድለዋል። ተፈትቶም ቆላ ወርዶ በሰው መሬት እያረሰ ኖረ። ከእጄ እህል ሳይቀምስ ሞተ።

ሐያት ስልኳ ላይ ስትቀዳኝ የነበረውን አቆመች።

«እማ፣ ግጥሙን ስትዪው ድምፅሽ ተለወጠ። ደስ ያለሽ ትመስያለሽ።»

«ደስ ብሎኛል» አልኳት። «ለመሐመድ አንጀቴ ያርራል። ለይማም ጉልበት ግን አንድ ቀን አዝኜ አላውቅም። ሲያነክስ ባየሁት ቁጥር ምነው ሁለቱንም በሆነ እላለሁ።»

«ልተወው እንዴ?»

ልከልክላት ፈለግኩ። እሱ ቤት ተቀምጣ ስትጠይቀው ታየኝ። ትምህርቷን ላበላሽባት ደግሞ አልደፈርኩም። «ሂጂ። የማን ልጅ እንደሆንሽ ግን አትንገሪው።»

ትናንት ተመለሰች። ሳትነግረው ከዓይኗ አውቋታል። ግጥሙንም በቃሉ ይዞታል።

«ከጥይቱ ሁለት ቀን ቀድሞ ሐራ ገበያ ላይ ሰምተውት ነበር» አለችኝ። «ዘመዶቻቸው ወደ አፋር ይሽሹ ቢሏቸው፣ ሸህ እንድሪስ ዕርቁን ቀድመው ያደርሳሉ ብለው ቀሩ።»

«ሰምተው»! «ዘመዶቻቸው»! ልጄ አጎቷን የገደለውን አንቱ ትለዋለች።

«ሌላስ?»

«ሰላምታ ልከውልሻል። አሰላሙ ዓለይኩም ብለዋል በያት አሉኝ።»

የተላከ ሰላምታ መመለስ ግዴታ መሆኑን አውቃለሁ። ሌላ ጊዜ ሳላስበው ከአፌ የሚወጣ ቃል ነው። ዛሬ ጠዋት ሐያት ወደ ወልድያ ስትመለስ ሚኒባሱ ድረስ ሸኘኋት።

«እንግዲህ ምን ልበላቸው?»

«ደርሷታል በይው።»

«ይኸው ብቻ?»

«ይኸው ብቻ።»

ሚኒባሱ ከሄደ በኋላ መንገድ ዳር ቆሜ ቀረሁ። እናቴ የለችም፤ መሐመድ የለም፤ ሸህም የሉም። የሰይድን ነገር በሆዱ የያዘ ሰው ከኔ በቀር አልቀረም። እኔም ዓለይኩመ ሰላም ካልኩ ሰይድ ዳግመኛ የሚሞት ይመስለኛል። ለውሸቴ እስከ መሐመድ ቀብር ድረስ ከፍያለሁ። ይማም ደግሞ የኔን ሰላምታ ይጠብቅ፤ ሰይድም የውሃ ተራውን ጠብቆ ሄዶ ነው የሞተው።