ሀረገወይን ወደ ባሮ ሜዳ የወረደች ጊዜ

ሀረገወይን ጎሬ ተወልዳ ጎሬ ያደገች ናት። አባቷ ከሸዋ ከመጣው ጦር ጋር ገብተው እዚያው የቀሩ ሰው ነበሩ። ለአቅመ ሔዋን እንደ ደረሰች ለቡና ነጋዴው ለወንድይራድ ዳሯት። ወንድይራድ በየዓመቱ ጥር ሲገባ ቡናውን በበቅሎ ጭኖ በቡሬ በኩል ወደ ጋምቤላ ይወርዳል፤ ክረምት ከሱዳን መርከብ ሲመጣ ለሚጭኑት ነጋዴዎች አስረክቦ ጨውና አቡጀዲ ይዞ ይመለሳል። ከጨውና ከአቡጀዲው ጋር ወሬ ያመጣል። ሜዳው በዝሆን ጠቁሮ እንደ ዋለ፣ ቀጭኔ ከግራሩ በላይ አንገቷን አስግጋ እንዳየቻቸው፣ ጉማሬ ከባሮ ብቅ ብሎ እንደ ሰው እንዳዛጋ ሲያወራ ሀረገወይን ሥራዋን ትታ አፉ አፉን ታያለች።

“እኔንም ይውሰዱኝ” ትለዋለች በየዓመቱ።

“ሙቀቱን አትችይውም። ወባውም አለ” ይላታል።

አሥራ ስምንት ዓመት እንዲህ ተባባሉ። ብቸኛ ልጃቸው ሙሉብርሃን ወደ መቱ በተዳረች ዓመት ግን ሀረገወይን አልጠየቀችም። ስንቋን ሰንቃ፣ በቅሎዋን አስጭና ደጅ ቆመች። ወንድይራድ አያትና፣ “በይ እንግዲህ” ብሎ ወጣ።

ከቡሬ ቁልቁል ጫካ ለጫካ ወረዱ። ጉሬዛዎች ነጭ ጭራቸውን እያንጠለጠሉ ከዛፍ ዛፍ ሲዘሉ አንገቷ እስኪያማት ወደ ላይ አየች። በሦስተኛው ቀን ጠዋት ጫካው አለቀና ዓይን እስኪደክም የሚዘረጋ ሜዳ ከፊታቸው ተከፈተ።

ወንድይራድ በአለንጋው ወደ ፊት አመለከተ። “ያውልሽ፣ ሦስት ዝሆን።”

ሀረገወይን አተኩራ አየች። ሦስት ትልልቅ ኩይሳዎች ነበሩ። ወደ ጫኞቹ አለቃ ወደ ኦቦ ዳባ ዞር ብትል፣ ዳባ ቶሎ ብሎ አጎንብሶ ያልላላውን የጭነት ጠፍር ማጥበቅ ጀመረ። ጥቂት እንደ ሄዱ ደግሞ በስተግራ እውነተኞቹን አየቻቸው። አሥራ አንድ ዝሆኖች ግልገላቸውን መኻል አድርገው ሣሩን እየገመሱ ይሄዳሉ። ወንድይራድ አሁንም ወደ ቀኝ ነበር የሚያየው።

በቅሎዋን አስጠግታ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። “ከመቼ ጀምሮ ነው?”

“ምኑ?”

“ሩቅ ማየት ያቃተዎት።”

አለንጋውን ዝቅ አደረገ። “ከልጅነቴ” አለ በመጨረሻ። “ቅርቡን አያለሁ፤ ሩቁ ጉም ነው። አውሬውን የሚያየው ዳባ ነው። እሱ ይነግረኛል፣ እኔ ለአንቺ አወራለሁ።”

“ታዲያ ለምን ደበቁኝ?”

“ሳወራልሽ ፊትሽ ይበራ ነበር። እሱን ከቅርብ ስለሆነ አየዋለሁ።”

ሀረገወይን ሊከፋት የሚገባ መስሏት ነበር። ሳቋ ቀደማት። ዳባም ከኋላ ሆኖ መሳቁን ስትሰማ ይበልጥ ሳቀች፤ ወንድይራድ ራሱም ሳቁን ሊይዝ አልቻለም።

“ኦቦ ዳባ፣ አንተ ከዛሬ ጀምሮ ዕረፍ” አለች። “የማየው እኔ ነኝ።”

“ሃቀ ኬቲ፣ እትዬ፣ እውነትዎን ነው” አለ ዳባ። “እኔም ደክሞኛል።”

ከዚያ በኋላ መንገዱን ሙሉ አፏ አልተከደነም። ግልገሉ እናቱ እግር ሥር እንደ ገባ፣ ጆሮአቸው የነጣ የሜዳ አጋዘኖች በመቶ ሆነው እንደሚዘሉ፣ ጎሽ ጭቃ ውስጥ ተንከባሎ እንደ ተነሣ አንድ በአንድ ነገረችው። ወንድይራድ የበቅሎውን ልጓም ለቆ ያዳምጣል። “ቀንዱ ወዴት ነው የዞረው?” እያለ ይጠይቃል።

ጋምቤላ ደርሰው ቡናውን ካስረከቡ በኋላ ሀረገወይን ክር ልትገዛ የአንድ ግሪክ ነጋዴ ሱቅ ገባች። ባለሱቁ ዓይኑ ላይ መነጽር አድርጓል፤ መስኮቱ ላይ ደግሞ ሌሎች መነጽሮች በሣጥን ተደርድረዋል። ክሩን ረስታ ባሏን ጎትታ አመጣች። አራቱ አልሆኑትም። አምስተኛውን እንዳደረገ ከሱቁ ወጥቶ ወደ ወንዙ ዳር ሄደ። ተከተለችው። ማዶ፣ አሸዋው ላይ ሰባት ጉማሬዎች ፀሐይ ይሞቃሉ።

“ጆሮአቸው ይህን ያህል ትንሽ ነው እንዴ?” አለ። “ዳባ ይህን ነግሮኝ አያውቅም።”

ሲመለሱ ማን ቀድሞ እንዳየ ሲከራከሩ ሜዳውን ጨረሱት። እሱ ዘጠኝ ቀጭኔ ቆጠረ። እሷ፣ አሥር ናቸው፣ አንዷ ግራሩን ተገን አድርጋ ቆማለች አለች። ከበቅሎው ወርዶ፣ ሣሩን እየገለጠ ጥቂት ተራመደና አሥረኛዋን አገኛት።

ከዚያ ወዲያ ጥር በመጣ ቁጥር አብረው ይወርዱ ነበር። ጎሬ ላይ ግን የባሮን ሜዳ አውሬ ማወቅ የፈለገ ሰው ሁሉ የሚጠይቀው ሀረገወይንን ነው። ወንድይራድም መነጽሩን እየወለወለ አጠገቧ ተቀምጦ፣ እሷ የዘለለችውን ይጨምርላታል።