ድንጋይ ተሸክሜ ፐርሜሶ ስጠይቅ

ሌላው ስደተኛ ሲያወራ በሌሊት ወጣን፣ በጨለማ አመለጥን ይላል። እኔ ሰይድ ግን በጠራራ ፀሐይ ነው የወጣሁት፤ ያውም በቅዳሜ ገበያ፣ አገር ሁሉ እያየኝ። ጀግንነት ነው ብትሉልኝ ደስ ይለኛል። እውነቱን ካላችሁኝ ግን እስኪመሽ የምጠብቅበት አንጀት አልነበረኝም። አውሮፕላኑ ገበያው ላይ ሁለቴ ዞሮ በሦስተኛው የያዘውን ሲጥል እኔ በርበሬ ተራ ነበርኩ። እናንተ ያገሬ ሰዎች ወደ ወንዙ ስትሮጡ እኔ ወደ ቤት ሮጥኩ፤ እህቴ ዘሃራ ብቻዋን ነበረቻ። ሆዷ አምስት ወር ገብቷል፣ ባሏ አህመድ ዘምቶ ወሬው ከጠፋ ከራርሟል።

«ተነሺ እታለም፣ መሄዳችን ነው» አልኳት።

«ወዴት?»

«መቀሌ፣ አጎታችን ዘንድ።»

«መቀሌ ጣልያን የያዘው አይደለም እንዴ?»

«ለዚህ እኮ ነው! ጣልያን የገዛ ቤቱን በቦምብ አይመታም።»

ይህን ብልሃት ያመጣሁት እኔ ነኝ፤ ሌላ ሰው የኔ ነው ቢላችሁ አትመኑት። ከአውሮፕላኑ ሸሽተን የአውሮፕላኑ ባለቤት ደጅ ልንጠለል ሄድን። የጣልያን ጦር ወደ ደሴ ሲወርድ እኛ በዳር በዳሩ ወደ ላይ ወጣን። የአላማጣን ዳገት እኔ ጓዙን ተሸክሜ፣ ዘሃራ ሆዷን ተሸክማ፣ ቀድማኝ ወጣች። ቀድማኝ የወጣችው ጓዙ ስለከበደኝ ነው። ኮረም ላይ ብርዱ ጥርሳችንን አፋጨው፤ የኛ አገር ሰው ብርድ አየሁ የሚለው ውሸቱን ነው፣ ኮረምን ሳያይ። ማይጨው ላይ ያየሁትን አልጽፍም። ቀልደኛ ነኝ፣ እዚያ ግን ቀልድ አላገኘሁም። ዘሃራ እየጎነበሰች የወደቁትን ሰዎች ፊት ታይ ነበር። «አይደለም» ትላለች፣ ወደሚቀጥለው ትሄዳለች። «አይደለም።» እንዲህ እያለች ግማሽ ቀን ሄደች፣ እኔም ጓዙን ተሸክሜ ተከተልኳት።

በአሥራ አራተኛው ቀን መቀሌ ገባን። አጎታችንማ ወደ አስመራ ከተሻገረ ሁለት ዓመቱ ነው አሉን። እዚያው ጨው ገበያው ዳር ቆመን ስንተያይ አንዲት ጨው የምትሸጥ ሴትዮ ጠራችን። ለተብርሃን ትባላለች፤ እዚህ ሁሉም ኣደይ ለተብርሃን ይላታል፣ ኣደይ ማለት እናቴ ማለት ነው።

«ባሏ ነህ ወንድሟ?» አለችኝ።

«ወንድሟ።»

«እስላም ናችሁ?»

«አዎ።»

«ሥጋችን አይገናኝም በለኛ። ሽሮስ ትበላላችሁ?»

«ሽሮ የማን ናት?»

«ሽሮማ የማንም ናት። ግቡ።»

እንዲህ አድርገን ገባን። ከጓሮ ያለችውን ክፍል ሰጠችን፤ እኔ በምትኩ ግመሎቹ ሲመጡ ጨዋቸውን አወርድላታለሁ። የመጀመሪያው ቀን ሌላው ሰው ለሁለት የሚይዘውን ብቻዬን ተሸክሜ፣ እንደኔ ያለ ጉልበተኛ አይታችሁ ታውቃላችሁ ወይ ብዬ ብፎክር፣ ኣደይ ለተብርሃን «ኣታ ወደይ፣ አንተ ልጄ፣ ይሄን ሁሉ ከአፋር ድረስ የተሸከመው ግመል እንኳ አንዲት ቃል አልተናገረ» አለችኝ። ገበያው ሁሉ ሳቀ። እኔም ሳቅኩ፣ ምን አደርጋለሁ።

አገሩ ደግ ነው፣ ግን ነፋሱ! አቧራው አፍ ውስጥ ገብቶ ያድራል። የማሽላ እንጀራ የሚባል ነገር የለም፤ የገብስ ቂጣና ሕምባሻ ነው። ሕምባሻው ይጣፍጣል፣ አልዋሽም፤ ግን ሆዴ ጠግቦ አፌ ሳይጠግብ እተኛለሁ። በለስ የሚሉት ፍሬ ደግሞ አለ። ላጥ አድርጎ መብላት ሲሆን እኔ እሾሁን ከነልጣጩ ነክሼ ሦስት ቀን ምላሴን ዘርግቼ ዋልኩ። ዘሃራ ያን ቀን ከወጣን ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀች፤ ስለዚህ አልቆጨኝም።

ወደ ጉዳዬ ልምጣ። ኣደይ ለተብርሃን አንድ ቀን «ፐርሜሶ አላችሁ ወይ?» አለችኝ። ፐርሜሶ የጣልያን የፈቃድ ወረቀት ነው። ከጦሩ ወዲህ ከተማ የገባ እንግዳ እሱን ካልያዘ አስካሪዎቹ፣ የጣልያን ቅጥር ወታደሮች፣ ከገበያ ለቅመው፣ በመኪና ጭነው ወደ ደቡብ መንገድ ሥራ ይወስዱታል። ከዚያ የተመለሰ ሰው እስካሁን አላየሁም። እኔ ተወስጄ ዘሃራ በዚያ ሆዷ፣ ቋንቋውን በማታውቀው አገር ብቻዋን ልትቀር ነው። በማግስቱ ጠዋት ወደ ቢሮው ሄድኩ።

ካፒታኖው፣ የጣልያኑ ሻምበል፣ ቀይ ፊት ያለው ወፍራም ሰው ነው። አጠገቡ አስተርጓሚው ባሻይ ተኽለ ተቀምጧል፤ ከመረብ ማዶ የመጣ፣ ጺሙን የሚያሻሽ።

«ምን ፈልገህ ነው?» አለኝ ባሻይ።

«ጦር አፈናቅሎን ነው። ጦርነቱ እስኪያልቅ ከእህቴ ጋር እዚህ እንድንቀመጥ ፍቀዱልን።»

ተረጎመለት። ካፒታኖው ቀና ሳይል አንድ ነገር አለ።

«ጦርነቱ አልቋል ይልሃል።»

«አልሃምዱሊላህ! ካለቀማ ወደ አገሬ ልመለሳ። የመሄጃ ወረቀት ስጡኝ።»

«አይሆንም፣ መንገዱ ዝግ ነው።»

«ለምን?»

«ጦርነት አለ።»

አየሁት። አየኝ። «ባሻይ፣ የትኛው ነው ትክክሉ?» ብዬ ብጠይቀው፣ «እኔ የሚሉትን ነው የማቀብል» አለና ቀጣዩን ሰው ጠራ።

ሦስት ቀን ተመላለስኩ፣ ሦስቱንም ቀን ጦርነቱ ሲያልቅና ሲጀመር ዋለ። በአራተኛው ቀን እንደ አገሬ ላድርግ አልኩ። እኛ ዘንድ ሰው መላው ሲጠፋው ድንጋይ አንገቱ ላይ ተሸክሞ ሽማግሌ ፊት ይወድቅ የለ? ማን ጨክኖ ይመልሰዋል?

«ድንጋይ የሚሸከም እኮ የበደለ ሰው ነው» አለችኝ ዘሃራ። «አንተ ምን በደልክ?»

«እታለም፣ ዋናው ማሳዘኑ ነው።»

ትንሽ ድንጋይ ይበቃ ነበር። እኔ ግን ሰይድ ነኝ፤ ሁለት ሰው የሚያነሳውን መርጬ፣ አንገቴ ላይ አድርጌ፣ «አቤት! አቤት!» እያልኩ በቢሮው በር ገባሁ። የኛ ሰው ይህን ሲያይ ተነስቶ «አውርድ ልጄ» ይላል። ካፒታኖው ግን ያየው አንድ ጎረምሳ ትልቅ ቋጥኝ አንስቶ፣ እየጮኸ ወደሱ ሲመጣ ነው። ጠረጴዛው ሥር ገባ! ያገሬ ሰዎች፣ ይህን ለልጆቻችሁ ንገሩልኝ፤ ጣልያንን ያለ አንድ ጥይት ጠረጴዛ ሥር ያስገባው ሰይድ ነው።

ከዚያ በኋላ የሆነው ለጉራ አይመችም። አስካሪዎቹ ጎኔን አላስቀሩልኝም። እስር ቤት አስገቡኝ። ባሻይ ለካፒታኖው ነገሩን አስረዳው፤ ይህ የልመና ወጋቸው ነው፣ በዳይ ይቅርታ ሲጠይቅ ድንጋይ ይሸከማል ብሎ። እሱ ለእኔ አዝኖ ነው፣ ነገሩ ግን ባሰ። ካፒታኖው «በዳይ ከሆነ በደሉ ምንድነው?» ብሎ ያዘ። በማግስቱ አስቀረበኝ።

«ማንን ገደልክ?» አለኝ ባሻይ፣ ከሱ ተቀብሎ።

«ማንንም።»

«ምን ሰረቅክ?»

«ምንም።»

«ታዲያ ይቅርታ የምትጠይቀው ለምንድነው?»

«ስላፈናቀላችሁኝ!»

ባሻይ ጺሙን ያዘ። «ይሄን አልተረጉመውም» አለኝ ቀስ ብሎ። «ለራስህ ብዬ ነው።»

በሦስተኛው ቀን በሩ ሲከፈት ኣደይ ለተብርሃን ገባች፣ ነጠላዋን አጣፍታ፣ ከኋላዋ ዘሃራ። ካፒታኖው ፊት ቆመች።

«ይህ ልጅ ምንሽ ነው?» አሏት።

«ልጄ ነው» አለች፣ ዓይኗን ሳታሽ።

ባሻይ እሷን አየ፣ እኔን አየ። «እናቱ የመቀሌ ትግርኛ፣ ልጁ የወሎ አማርኛ፤ እንዴት ነው ነገሩ?»

«ከሕፃንነቱ ለፍላፊ ነው። ያገሩን ቋንቋ ሁሉ ለፍልፎ ጨርሶ የሰው አገር ላይ ደርሷል።»

ባሻይ ሳቁን ዋጠና ወደ ጆሮዬ ተጠጋ። «ስማ፣ ዝም በል። የመቀሌ ሰው ብዬ እጽፍሃለሁ። ፐርሜሶም አያሻህ፣ ምንም አያሻህ፤ ዛሬውኑ ትወጣለህ። እህትህንም እንዲሁ።»

ጎኔ ያመኛል፣ ሆዴ ባዶ ነው፣ በሩ ክፍት ነው። እሺ ልል አፌን ከፈትኩ።

«መንገዱ ሲከፈትስ?» አልኩት።

«መንገዱ ሲከፈት ወደ ወሎ የሚያልፈው ከወሎ መጣ ተብሎ የተጻፈው ነው። የመቀሌ ሰው ወሎ ምን ሊያደርግ ይሄዳል?»

ዘሃራን አየኋት። ሆዷን ይዛ ትጠብቀኛለች። አህመድ በሕይወት ካለ፣ ከዚህ መዝገብ ላይ ከወሎ የመጡትን ነው የሚፈልገው። እኛ የመቀሌ ሰዎች ከተባልን ማን ብሎ ይጠይቃል?

በዕድሜዬ ብዙ ዋሽቻለሁ፣ ታውቁኛላችሁ። ያን ቀን ግን «ኣደይ፣ ይማሩኝ፤ ልጅዎ አይደለሁም። የወሎ ሰው ነኝ። ጦር ያፈናቀለው ብላችሁ ጻፉኝ» አልኩ።

«ዋይ ኣነ፣ ወዮልኝ!» አለች ኣደይ ለተብርሃን። ነጠላዋን ወደ ትከሻዋ ወረወረችው። «ከፍቼልህ መልሰህ ትዘጋለህ?»

«የምገባበትን ነው የከፈቱልኝ። የምወጣበትም ያስፈልገኛል።»

የወረወረችውን ነጠላ መልሳ አጣፋች። የሷም ልጅ ከጦሩ ጋር ወርዶ እንደቀረ ያን ጊዜ አላውቅም ነበር። ኋላ ወደ ባሻይ ዞረች፤ «እንዳለው ጻፈው። የኔም ልጅ ሕጂ፣ አሁን፣ አንድ ቦታ ይጠየቅ ይሆናል። የመቀሌ ነኝ ይበል።»

«ዋስ ያስፈልገዋል። ቢጠፋ በሱ ቦታ ታስረሽ—»

«ቀለሙን ወዲህ በል» አለችና አውራ ጣቷን ነክራ ወረቀቱ ላይ ተጫነች። ሳትጠየቅ ለዘሃራም ደገመችው። ባሻይ ደግሞ ለካፒታኖው ምን ብሎ እንደነገረው አላህ ይወቅ፤ ብቻ ረጅም ነገር ተናገረ፣ ካፒታኖውም ድንጋዩ ከቢሮው ይውጣልኝ ብሎ ፈረመ። ድንጋዩን ያወጣሁት እኔው ነኝ። ጎኔ በዚያ ሁኔታ ላይ ሆኖ ብቻዬን ነው ያወጣሁት፣ ይህን እወቁልኝ።

ወረቀቱ ለአንድ ወር ነው። በየወሩ እየሄድን ማሳደስ አለብን፣ በየወሩ ያንኑ ይጠይቁኛል፣ ያንኑ እመልሳለሁ፤ ጦርነቱም እንደ ልማዱ ያልቃል፣ መንገዱም እንደ ልማዱ ዝግ ነው። ሌላው ሰው ሰልችቶት የከተማው ነኝ ብሎ ተጽፏል። እኔ አልሰለችም። እነሱ ቀድመው ይሰለቻሉ።

ባለፈው ወር ግን አዲስ ነገር መጣ። ዘሃራ ሴት ልጅ ወልዳ፣ አዝላት ነበር የሄድነው። ባሻይ ብዕሩን ነክሮ «ይቺስ ከየት መጣች ልበል?» አለ።

«ከዚሁ ናት!» አለች ኣደይ ለተብርሃን። «በእጄ ነው የተቀበልኳት።»

«የአባቷን አገር ጻፍ» አለች ዘሃራ።

«ያላየችውን አገር?»

ሁለቱም ወደኔ ዞሩ። እኔ፣ አፈኛው ሰይድ፣ ወደ ሕፃኗ ዞርኩ። ሕፃኗ ስታዛጋ አየኋት። ባሻይ ቦታውን ባዶ ትቶ «በሚመጣው ወር ወስናችሁ ኑ» አለን።

ይህን ወረቀት የሚያደርስላችሁ የጨው ነጋዴ ነው፤ በቆላው መንገድ ያልፋል፣ ለነሱ ይከፈታል። ሸኹ ያንብቡላችሁ፤ ፊደሌ ቢያስቃቸው ከአንድ ደብተራ እንጨት እየፈለጥኩ የተማርኩት ነው በሏቸው። አህመድን ያየ ካለ ልጅ ወልደሃል፣ መቀሌ ጨው ገበያ ዳር ናቸው በሉት። ለነጋዴው ደግሞ ሲመለስ አንድ ነገር ብቻ ንገሩልኝ፤ ቤታችን ቆሟል ወይ? ቆሞ ከሆነ ልጅቷን የዚያ አገር ብዬ አስጽፋታለሁ። ካልቆመ ግን አትንገሩኝ። ያው አስጽፋታለሁ።