አባ ጆሮ ራሱን ሲነቀንቅ

በልብስ እጥበት ድርጅቱ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ቦይለሩን የጠበቀው ሰው ስሙ ተረስቶ አባ ጆሮ ሆኖ ቀርቷል። የካቻቢቴውን ጫፍ የቦይለሩ ብረት ላይ፣ እጀታውን ጆሮው ላይ ያደርግና ዓይኑን ጨፍኖ ያዳምጣል። እሱ ራሱን ካልነቀነቀ ከግድግዳው ወዲያ ልብስ የሚተኩሱት ሴቶች እንፋሎት አይከፍቱም። አንዴ ሊፈነዳ የደረሰውን ቦይለር በጆሮው ብቻ ደርሶበት አስቁሟል፤ ያንን ታሪክ ከአፉ ያልሰማ ካለ ትናንት የተቀጠረ ነው። የግፊት መለኪያው የተሰበረ ጊዜም፣ "ጆሮዬ እያለ!" ብሎ ሌላ እንዳይገዛ አደረገ።

ካለፈው ክረምት ወዲህ ግን ጆሮው ከድቶታል። ሚስቱ ድምጿን ከፍ ስታደርግ "ጠበኛ ሆነች" አለ። ወጣቶቹ አፋቸው ውስጥ ያወራሉ አለ። ሬዲዮኑም አርጅቷል አለ። ዓለም ሁሉ ተበላሽቶ የእሱ ጆሮ ብቻ ደህና ቀረ! ያልሰማውን ሁሉ ራሱን እየነቀነቀ ማለፍ ለመደ። ሠራተኞቹ ከኋላው ይንሾካሾካሉ፤ ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነውና ወሬው እሱ ዘንድ አልደረሰም።

ልጁም እዚያው ልብስ ትተኩሳለች። ጠረጴዛዋ ከቦይለሩ ክፍል ግድግዳ የተጠጋ ነው። ዛሬ ጠዋት መጥታ ትከሻውን ያዘችው።

"አባዬ፣ ሦስቴ ጠራሁህ እኮ!" አለች ጮክ ብላ።

"ሰምቼሻለሁ። ሥራ ላይ ነኝ።"

"ሥራ አስኪያጁ በቀደም ራሱ የገዛውን አዲሱን መለኪያ ለምን አትገጥመውም? ካርቶኑን እንኳ አልከፈትከውም።"

"መለኪያ ለደንቆሮ ነው!"

ያን ከገጠምኩ እኔ ታዲያ ምንድን ነኝ? ይላል ልቡ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም። ልጅቷ ተንፍሳ ወደ በሩ ሄደች፤ ጓደኞቿ እዚያ ቆመው ምልክቱን ይጠብቃሉ።

ካቻቢቴውን ደገነ። ምንም የለም። ጫን አደረገው፤ ጆሮው ጥጥ የተጠቀጠቀበት ይመስል አሁንም ምንም። መዳፉ ሥር ግን ብረቱ በሠላሳ ዓመት ውስጥ አይቶት በማያውቀው አኳኋን ይንቀጠቀጣል። ፈራ፤ የእውነቱን ፈራ። እሳቱን ማጥፋት የአንድ እጅ ሥራ ነው። ግን አጥፍቶት ደህና ሆኖ ቢገኝስ? ስድስት ሰው በሩ ላይ ቆሞ እያየው!

ፈገግ ብሎ ራሱን ነቀነቀ። ሴቶቹ እየተሳሳቁ ወደ መተኮሻው ክፍል ገቡ። ልጁ ግን ወደኋላ ቀርታ፣ የበሩን እጀታ እንደያዘች ዞር አለችና አንድ ነገር ጠየቀችው። ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ አየ፤ ምን እንዳለች አላወቀም።

ራሱን ነቀነቀላት። እሷም ገባች።