እግሬን የማይሸፍነው ባና

መካነ ሰላም በተከራየኋት ክፍል ውስጥ የምተኛው ጥቁር ባና ለብሼ ነው። ወደ ላይ ስስበው እግሬ ይወጣል፣ ወደ ታች ስመልሰው ትከሻዬን ይበርደኛል። አብሮኝ የሚያስተምረው ጎረቤቴ ባየው ቁጥር፣ «እናትህ ያሠራችልህ ስድስተኛ ክፍል ሳለህ ነው እንዴ?» ይለኛል።

አይደለም። ያጠረበት ምክንያት አለው።

ባና ከበግ ጠጉር ተፈትሎ የሚሠራ ወፍራም ብርድ ልብስ ነው። በእኛ አገር፣ በአቀስታ በኩል ባለው ደጋ፣ በግ ሙሉ በሙሉ የሚሸለተው ውርጩ አልፎ ፀሐዩ ሲጠና ነው። መጀመሪያ ወንዝ ተወስዶ ይታጠባል፣ ሣር ላይ ይደርቃል፣ ከዚያ ይሸለታል። በውርጭ ወራት ጠጉር የግድ ካስፈለገ ግን በጉ አይታጠብም፤ የሚታጠበው የተሸለተው ጠጉር ነው። የሚሸለተውም ከግራና ከቀኝ ጎኑ ብቻ ነው። ጀርባው አይነካም፤ ብርዱን የሚመክትበት እሱ ነውና።

የመምህርነት ምደባዬ የደረሰኝ በኅዳር፣ ሜዳው በውርጭ ነጭ ሆኖ በሚያድርበት ወቅት ነበር። እናቴ ጥቁር ባና ሳትሰጠኝ ልትሸኘኝ አልፈለገችም። ጥቁር ጠጉር ያላት በግ አንዲት ብቻ ነበረችን፤ እሷም አርግዛ ነበር።

በዚያው ሰሞን አንድ የሱፍ ነጋዴ ከከተማ መጣ። የሚያቀርበው ለምንጣፍና ለፋሽን ልብስ ሠሪዎች ነው። የጀርባውን ረጅም ጠጉር፣ ያውም አሁኑኑ ይፈልጋል። ጎረቤታችን በጎቹን እግራቸውን እያሰረ በችኮላ ሸለተለት። ቢላዋው ቆዳቸውን ሲልጠው ከአጥሩ ማዶ ሆነን አየን። ከዚያ ነጋዴው ወደ እኛ ደጅ ዞረ።

«እትዬ፣ ጠጉር አይደል? ይበቅላል» አላት።

«ይበቅላል ልጄ። ውርጩ ግን እስኪበቅል አይጠብቃትም።»

ነጋዴው ብልህ ነበር፤ በእኔ መጣባት። «ታዲያ መምህሩን ብርድ ይምታው ነው የሚሉት? ግማሹን ለእኔ፣ ግማሹን ለእሱ ባና ያድርጉት።»

እናቴ እኔን አየችኝ። ቀጥላ በጓን አየቻት። ምን ያህል ልትሰጠኝ እንደፈለገች ፊቷ ላይ ይነበብ ነበር።

«እሱ ሲበርደው እሳት ዳር ይሄዳል። እሷ የት ትሄዳለች? በሆዷም ሌላ አለ። ነገ አላህ ይጠይቀኛል» አለች።

ሰውየው ሄደ። በማግሥቱ ጠዋት የጎረቤታችን በጎች ካቡ ላይ ተለጥፈው ይንቀጠቀጡ ነበር፤ አንዳንዶቹም አልተነሱም። እናቴ አሮጌ ጆንያ ቀድዳ ለቀሩት ደረበችላቸው። ጎረቤታችን አፍሮ ቆሞ፣ «እንደ ሙሽራ አለበሽልኝ እኮ» አላት።

«ልብሳቸውን ሸጠህባቸው ምን ላድርግ?» አለችው፣ ገመዱን እያሰረች።

ከጥቁሯ በግ ጎንና ጎን የተገኘው ጠጉር ታጥቦ ተፈተለ። ሸማኔው ሠርቶ ሲያመጣው እናቴ በቁመቴ ለካችው። ከጉልበቴ ትንሽ ዝቅ ብሎ ቀረ። «ፀሐዩ ሲጠና የጀርባዋን እጨምርበታለሁ፣ ኢንሻአላህ» አለችኝ። እኔም ባጠረው ባና ተሸኘሁ።

በጓ በሰላም ጥቁር ግልገል ወለደች። ፀሐዩ ሲጠና ግን እናቴ ታማ አልጋ ላይ ነበረች፤ ስለ ጠጉር ያሰበ ሰው አልነበረም። በክረምቱ ወደ አኺራ ሄደች።

ብዙ ነገሯ ይናፍቀኛል፤ ከሁሉ በላይ ግን ያ በቁመቴ ስትለካ ትከሻዬን የያዘው እጇ። ሸማኔ እዚህም አለ፤ የተገዛ ድር ቀጥሎ ሊያስረዝምልኝ ይችላል። አልወሰድኩለትም።

ዘንድሮ ብርዱ መበርታቱን እቤታችን ለቀረችው እህቴ በስልክ ነገርኳት። ትንሽ ቆይታ በሚኒባስ አንድ ፌስታል ላከችልኝ። ስከፍተው ጥቁር ጠጉር ነው፤ የዚያች ግልገል፣ አሁን ያደገችው። ቢታጠብም የቤታችን ጭስ ይሸታል። አፍንጫዬን ከትቼበት ብዙ ቆየሁ። ከዚያ ደወልኩላት።

«ጀርባዋን ተውሽላት?»

«አንተ ደግሞ፣ በስልክም ትፈትናለህ? ውርጭ እኮ ነው ያለው! የእማ ልጅ አይደለሁም እንዴ?»

ፌስታሉን በእጄ አንስቼ ክብደቱን ገመትኩ። ቢጨመርበትም ባናው ዘንድሮም እግሬ ድረስ አይደርስም።