አሜን ያላሉት

ደባርቅ ውስጥ የእኛ የሉተራን ምእመናን አርባ አንሞላም። የምናመልከው ከመናኸሪያው ከፍ ብሎ፣ ከአንድ እህል ነጋዴ በተከራየነው ቆርቆሮ ቤት ነው። ከተማው ሁላችንንም በደፈናው «ጴንጤ» ይለናል፤ እሱን ለምደነዋል። ውጊያው ወደ እኛ አካባቢ ከቀረበ ወዲህ ግን ሌላ ወሬ ተጨመረበት። ጴንጤ ሁሉ የመንግሥት ሰው ነው ተባለ።

እንደዚያ አልነበረም። የጉባኤያችን ሽማግሌ በርግጥ የመንግሥት ሠራተኛ ነበሩ፤ ለሹም መታዘዝ ለእግዚአብሔር መታዘዝ ነው ብለው ሳያቅማሙ የሚያምኑ። ከኋላ ወንበር የማይጠፉት ጡረተኛዋ ነርስ ደግሞ የመጨረሻ ልጃቸው ጫካ ገብቶባቸዋል። ይህን ሁላችንም እናውቅ ነበር፤ አንሥቶ የሚያወራው ግን አልነበረም። የቀረነው፣ እኔን ጨምሮ፣ ከሁለቱም ጋር ሻይ የምንጠጣ፣ ለሁለቱም ራሳችንን የምንነቀንቅ ነን።

እኔ የሒሳብ መምህር ነኝ፤ የዳባት ገበሬ ልጅ። ኦርቶዶክሱ አባቴ ወደዚህ ቤት መግባቴን የሰሙ ዕለት አልተቆጡም። «ጥቂት ሆነህ ስትኖር አፍህን ጠብቅ» ብቻ አሉኝ። ምክራቸውን የያዝኩት ይመስለኝ ነበር።

አንድ እሑድ የምልጃ ጸሎቱን ሽማግሌው መሩ። ወትሮ «ስለ አገራችን» ተብሎ የሚታለፈው ቦታ ላይ ሲደርሱ፣ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ለሠራዊቱ ድል ለመኑ። ከፊት ያሉት አሜን አሉ። ከመካከል ወደ ኋላ ያለው ዝም አለ። ዓይኔን ገልጬ ዞር ስል የነርሷ ፊት አመድ መስሏል።

ስንወጣ ነርሷ ሽማግሌውን በር ላይ ጠበቋቸው።

«በማን ላይ ነው ድል የለመኑት?» አሉ ነርሷ፣ ድምፃቸውን ሳያነሡ።

«እኔ የለመንኩት ሰላም ነው፣ እኅቴ።»

«ሰላም አላሉም። ቆሜ እየሰማሁ ነበር።»

ሽማግሌው ኮፍያቸውን አድርገው ቁልቁል ወረዱ።

በማግስቱ በመምህራን ማረፊያ አንድ ባልደረባዬ እናንተማ የመንግሥት ጸሎተኞች ናችሁ እያለ ይቀልድብኝ ጀመር። ሌሎቹ ሳቁ። ሳቁ ከነከነኝ። ትናንት ለሠራዊቱ ድል ሲለመን ግማሻችን አሜን እንዳላልን ነገርኳቸው። ይህም አልበቃኝም፤ ልጃቸው ጫካ ያለ እናት አብረውን እንደሚያመልኩ ጨመርኩበት። ስም አልጠራሁም። ደባርቅ ግን ስም ካልተጠራ ሰው የሚጠፋባት ከተማ አይደለችም። ሳቁ ቀጥ አለ። በመስኮቱ በኩል ተቀምጦ የነበረ ሰው ብርጭቆውን አስቀምጦ ወጣ።

ሐሙስ ረፋድ ላይ ወንጌላዊያችን እስከ ትምህርት ቤቱ አጥር ድረስ መጣ። ነርሷን ሁለት የጸጥታ ሰዎች ከቤታቸው ወስደዋቸዋል አለኝ። ስለ ልጃቸው ጠይቀዋቸው፣ ስለ እሑዱም ጸሎት ጠይቀዋቸው ነበር።

«ከመካከላችን የተናገረ አለ» አለኝ ወንጌላዊው። «ማን እንደሆነ አንተም ሳትገምት አትቀርም።»

ማለቱ ሽማግሌውን ነበር። እኔም «እሳቸው አይደሉም» አላልኩም።

ከዚያ በኋላ ሽማግሌውን በሰላምታ እንኳ የሚጠጋቸው ጠፋ። ሲመጡ ወንበራቸው ላይ ብቻቸውን ይቀመጣሉ፤ ሲጸልዩ የሚከተላቸው የለም። እሳቸው ግን በየቀኑ ስንቅ ቋጥረው ፖሊስ ጣቢያ ይሄዱ ነበር። ነርሷ እንዲለቀቁ በሥራ የሚያውቋቸውን ሹማምንት ደጅ የጠኑት እሳቸው ናቸው። ይህን ያወቅነው ነርሷ ከሦስት ሳምንት በኋላ ወጥተው ራሳቸው ሲነግሩን ነው፤ ብዙዎች ግን ጸጸት ነው ያመላለሳቸው አሉ። ነርሷ ከስተው ነበር። ብዙ ሳይቆዩ ቤታቸውን ዘግተው ጎንደር እኅታቸው ዘንድ ገቡ።

ያኔ ወደ ሽማግሌው ቤት ሄድኩ። መንገድ ላይ ያዘጋጀሁት ንግግር ነበረኝ፤ በር ላይ ጠፋኝ። የተናገርኩት እኔ ነኝ ብቻ አልኳቸው።

«አውቃለሁ» አሉኝ። «ጣቢያ ስመላለስ ከመምህራን ሰማን ብለውኛል። ከእኛ መምህር አንተ ብቻ ነህ።»

ታዲያ ለምን ማግለላችንን ችለው ዝም አሉ ብዬ ጠየቅኳቸው።

«ያንተን ስም ባወጣ የነርሷ ልጅ የጫካ ጓደኞች ይመጡብሃል። የሴትዮዋ መታሰር እነሱም ዘንድ ደርሷል።»

ከዚያ ከኪሳቸው የታጠፈ ወረቀት አውጥተው አሳዩኝ። በበራቸው ሥር የገባ ነው። አሳልፎ ሰጪ ለሆነ ሰው ደባርቅ ቦታ የላትም ይላል፤ የሰጣቸውም ጊዜ አጭር ነበር።

እኔ ወጥቼ ልናገር አልኳቸው። አነጋገሬ ለራሴ እንኳ የደከመ ነበር። ሽማግሌው ፊቴን አይተው ልጆችህ ስንት ናቸው አሉኝ። ሦስት አልኳቸው። ወረቀቱን መልሰው አጠፉት። በዚያው ሳምንት ከባለቤታቸው ጋር በሚኒባስ ተሳፍረው በኮሶዬ በኩል በጎንደር መንገድ ወረዱ። የሸኛቸው አልነበረም። እኔም አልሸኘኋቸውም፤ ክፍል ውስጥ ነበርኩ፣ ሰሌዳው ላይ የጻፍኩትን እኩልታ ሁለት ጊዜ ተሳስቼ ሁለት ጊዜ ያረሙኝ ተማሪዎቼ ናቸው።

ጉባኤው ያለ ሽማግሌ መኖር ስለማይችል በቀጣዩ እሑድ ምርጫ ተደረገ። ወንጌላዊው የእኔን ስም አቀረበ። ከማንም ጋር የማይጋጭ፣ አፉን የሚጠብቅ ሰው ነው አለ። ሁሉም እጁን አወጣ። እምቢ ለማለት ምክንያቱን መናገር ነበረብኝ፤ አመሰግናለሁ ብዬ ተቀመጥኩ።

በማግስቱ ሰኞ ጠዋት ወደ ሥራ ስሄድ መናኸሪያው አጠገብ ግድግዳ ተደግፎ የቆመ፣ ከዚያ በፊት አይቼው የማላውቅ ሰው ባርኔጣውን አነሣልኝ።

«እንደምን አደሩ፣ አዲሱ ሽማግሌ» አለኝ።