አበዛሁት እንዴ ብላ ስትጠይቀኝ

ይህን ነገር እስከ ዛሬ ከአፌ አውጥቼው አላውቅም። ለንስሐ አባቴ ጾም መሻሬን ነግሬያቸዋለሁ። በጓደኛዬ ሹመት መቅናቴን፣ በሐሜት መዋሌን፣ አንድ የጥምቀት ዕለት ሰክሬ ታቦት ሳልሸኝ መቅረቴን ነግሬያቸዋለሁ። ይህችን ግን ከምላሴ ሥር አስቀርቻታለሁ። «ሌላስ ልጄ?» ሲሉኝ «ሌላ የለም አባ» እያልኩ መስቀል ተሳልሜ ወጥቻለሁ። ለእናንተ የደፈርኩት ስለማታውቁኝ ነው። ይኸም ራሱ ፍርሃት መሆኑ አይጠፋኝም።

ያደረግሁት ሲነገር ትንሽ ነው። ሚስቴ አንድ ነገር ጠየቀችኝ። መልሱን አውቀው ነበር። «እኔ እንጃ» አልኳት። ይኸው ነው። በዚህች ቃል ሰው ይሞታል? አይሞትም። ግን እድሜ ልኩን ያልሠራውን በደል ተሸክሞ ይኖራል፤ እኔ ያየሁት ይህንን ነው።

ሚስቴ ይታይሽ የባሕር ዳር ልጅ ናት። እዚያ ሴት ብስክሌት ላይ ወጣች ብሎ ዞሮ የሚያይ የለም። እስቴ ሌላ ነው። አስተማሪ ሆና የእስቴዋ ከተማ መካነ ኢየሱስ ስትመደብ ወንድሟ የገዛላትን ቀይ ብስክሌት አውቶቡስ ጣሪያ ላይ አስጭና መጣች። መናኸሪያ ውስጥ ረዳቱ ሲያወርድላት ሰው ሁሉ ከቦ ሲያይ፣ እኔም ከብበው ካዩት አንዱ ነበርኩ። ትምህርት ቤቷ ከከተማው ወጣ ብሎ ወደ ስማዳ በኩል ነው። ጠዋት ሜዳውን እየነዳች፣ ዳገቱ ላይ ወርዳ በእጇ እየገፋች ትሄዳለች። ማታ ነጠላዋን ወገቧ ላይ ጠበቅ አድርጋ ቁልቁለቱን ትለቀዋለች። እኔን ያገባችኝ በምኔ እንደሆነ እስካሁን አልገባኝም።

እኔ የዚሁ አገር ሰው ነኝ። ጋይንት ቤተ ልሔም ወርጄ ድጓ የጀመርኩ፣ ያልጨረስኩ። ቅኔ ቤት ገብቼ ሳልቀኝ የወጣሁ። ኋላ በዘመናዊው ተምሬ የአማርኛ መምህር ሆንኩ። ከቄሱም ከምሁሩም ያልሆንኩ ሰው ነኝ ማለት ነው። ይታይሽ ግን በዚያች በጀማመርኳት ትኮራብኝ ነበር። «የኔታ» ትለኛለች። መጀመሪያ ለማሾፍ ነበር፣ እየቆየ ግን የምሯን ሆነ። ሰው ያለውን ሁሉ ሰምታ ትመጣና የኔታ ካረጋገጠላት ነገሩ ያለቀለት ነው።

ከተጋባን ዓመታት ሄዱ። አላረገዘችም። በገበያ ቀን ከገጠር የምትመጣው እናቴ ናት ለነገሩ ስም ያወጣችለት።

«አንች ልጅ፣ ይኸ ብረት እያንገጫገጨ ማህፀንሽን አናጋው። ሴት ልጅ ይህን ያህል አትደክምም» አለቻት።

ተናጋሪዋ ማን እንደሆነች እዩልኝ። እናቴ እኮ እኔን አርግዛ ገብስ ስታጭድ የከረመች፣ እንስራ ተሸክማ ገደል ስትወጣ የኖረች፣ ከአረም መልስ ምጥ የያዛት ሴት ናት። ያ ሁሉ ድካም አልተባለም። ድካም የተባለው የይታይሽ ጎማ መዞሩ ነው። ይታይሽ ለእረፍት ባሕር ዳር ስትሄድ ተመርምራ ምንም የለብሽም ተባለች። ይህንንም ለእናቴ ስትነግራት እናቴ አልተበገረችም። ዛፉም ቆሞ ሲያዩት ደህና ነው፣ አበባው የሚረግፈው ሲነቀነቅ ነው አለች። ለዚህ ምን ይመለሳል?

ይታይሽ መጀመሪያ ሳቀች። ቀስ በቀስ ግን ጥርጣሬው ገባት። ማታ ስትመለስ ብስክሌቷን ግድግዳው ላይ አስደግፋ፣ ላቧን በነጠላዋ ጫፍ እየጠረገች «የኔታ፣ አበዛሁት እንዴ?» ትለኛለች።

ያኔ ሰው ነበርኩ። አላበዛሽም እላታለሁ። በሕማማት ስትወድቂ ስትነሺ፣ ስትሰግጂ ውለሽ ያልተናጋ ማህፀን በተቀመጥሽበት ጎማ ቢዞር ምን ይሆናል እላታለሁ። እንቅልፍሽ ጥሩ ነው፣ ጉልበትሽ በርትቷል፣ በየቀኑ መሆኑ ነው የጠቀመሽ እላታለሁ። ከት ብላ ትስቃለች። በማግስቱ የብስክሌቷን ደወል እያቃጨለች ትወጣለች። ይህንን የምናገረው ደግ ነበርኩ ለማለት አይደለም። መልሱን ድሮም አውቀው እንደነበር እንድታውቁብኝ ነው።

አንተም ተመርመር ትለኝ ነበር። እኔም እንደ ወንዱ ሁሉ ደረቴን ነፋሁ፤ የእኛ ዘር መቼ መክኖ ያውቃል አልኳት። እያደር ግን ነገሩ እንቅልፍ ነሣኝ። ለፈተና እርማት ተጠራሁ ብዬ ዋሽቼ ደብረ ታቦር ሄድኩና ተመረመርኩ። ሐኪሙ ልጅ እግር ነበር፤ ዓይኔን ማየት ከበደው። ጎረምሳ ሳለሁ ጆሮ ደግፍ ይዞኝ ያውቅ እንደሆነ ጠየቀኝ። ይዞኝ ነበር። ቤተ ልሔም እያለሁ ከቆሎ ጓደኞቼ ጋር ጉንጫችን አብጦ እየተሳሳቅን ነበር። ከዚያ «ችግሩ ከእርስዎ በኩል ነው። ዘርዎ ፍሬ የለውም፤ ያ በሽታ ይሆናል ያደረቀው» አለኝ።

ልወጣ ስል ስለ ብስክሌቱም ጠየቅሁት። ለምን ጠየቅሁ? ምናልባት ግማሹን እንኳ እሷ ላይ የምጥልበት ሰበብ ፈልጌ ይሆናል። ሐኪሙ ፈገግ አለ። እንኳን ሊጎዳት ይጠቅማታል አለኝ። በቀን ያን ያህል መንዳት ብዙ አይባልም፣ ሁላችሁም እንደ እሷ ብትሆኑ እኛ ሥራ እንፈታ ነበር አለኝ። ሰበቤን ነጥቆ ሰደደኝ።

አውቶቡሱ ላይ እንዴት እንደምነግራት ስለማመድ መጣሁ። ከዚህ ልጀምር፣ ከዚያ ልጀምር ስል መካነ ኢየሱስ ደረስን። ቤት ስገባ እናቴ መደቡ ላይ ተቀምጣለች። ገና ጫማዬን ሳላወልቅ ይታይሽ ወደ እኔ ዞረች።

«የኔታ፣ እስቲ አንተ ንገራቸው» አለችኝ። «አበዛሁት እንዴ?»

እየሳቀች ነበር የጠየቀችኝ። መልሴን ስለምታውቀው ነበር የሳቀችው። እኔ ግን አላበዛሽም ብል የሚቀጥለውን ጥያቄ አየሁት። ታዲያ ምኑ ነው ትላለች እናቴ። ዓይናቸው ሁሉ እኔ ላይ ያርፋል። የእናቴ ዓይን፣ የይታይሽ ዓይን። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ይሉ የለ? ሆዴ አወቀ።

«እኔ እንጃ» አልኩ። «ለጊዜው ብትተይውስ?»

እናቴ ልጇ ልብ መግዛቱን አይታ አምላኳን አመሰገነች። ይታይሽ ፊቴን አየችው፤ ቀልዴን መስሏት ትንሽ ጠበቀች። አልነበረም። ወጥታ ብስክሌቷን ገፍታ እቃ ቤት አስገባችው። ከጣሪያው ወራጅ ላይ በጠፍር የሰቀልኩት ግን እኔ ነኝ። በዚህ እጄ ነው የሰቀልኩት።

ከዚያ በኋላ ያንን ሁሉ መንገድ በእግሯ ትመላለስ ጀመር። ገና ሳይነጋ ትወጣለች። ሲመሽ እግሯ አብጦ ትገባለች፤ ክረምት ሲሆን ጭቃው ጉልበቷ ድረስ ነው። ያ ድካም መሆኑን አንድም ሰው አልነገራትም። እናቴም አላለች። እኔም አላልኩ። ልጅ ግን አልመጣም። ከየት ሊመጣ? ይታይሽ የቀድሞው መንዳቴ ነው ያስቀረብኝ አለች እንጂ ሌላ አልጠረጠረችም።

ከሁሉ የሚያንገበግበኝ ግን ይህ ነው። ብስክሌት መንዳቷን እንደ ኃጢአት ቆጥራ ለንስሐ አባታችን ተናዘዘች። ራሷ ነች የነገረችኝ። አባ ይህ ኃጢአት አይደለም ልጄ ብለዋት ነበር። እሷ ግን በአካሌ ላይ ግፍ ሠርቼ የባሌን ዘር አስቀርቻለሁ ብላ አለቀሰችባቸው። ለልቧ ዕረፍት ይሁናት ብለው ስግደት ሰጧት። እሷ ላልሠራችው በደል ግንባሯ እስኪላጥ ስትሰግድ፣ የሠራሁት እኔ በላይዋ ተራምጄ ወደ ምኝታዬ አለፍኩ። ካሁን አሁን ልናገር አልኩ? አላልኩም። በዛ ብዬ እንኳ አላስቆምኳትም።

ይባስ ብዬ ደግሞ ቀለድኩባት። የጎረቤት ልጅ ክርስትና ነበር። ጠላው ሞቅ አድርጎን ከመሪጌቶቹና ከደብተራዎቹ ጋር ተቀምጠናል። አንዱ «እናንተ ቤት መቼ ነው የምትጠሩን መምህር?» አለኝ። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም፤ እኔ ግን ያን ለት ዝም የማይባልበት ቦታ ዝም ብዬ ዝም የሚባልበት ቦታ አፌ ተከፈተ።

«ምን ላድርግ፣ ዕጣዬ መካን ሆነና ተቀመጥኩ» አልኩ።

ሰሙ መካነ ኢየሱስ፣ የምኖርባት ከተማ ናት፤ መካን በግእዝ ቦታ ነውና። ወርቁን ለእናንተ አልፈታም። ይበል፣ ይበል አሉ። ቅኔ ቤት ሳለሁ አንድም ቀን ያልተባለልኝ ይበል ያን ዕለት ተባለልኝ፤ ደስም አለኝ። ዞር ስል ይታይሽ ሌማት ይዛ ከኋላዬ ቆማለች። አላስቀመጠችውም። እንግዳውን ሁሉ አስተናግዳ ጨረሰች። ቤት ስንገባ «ወርቁ ገብቶኛል» አለችኝ። ከዚያ በኋላ ለብዙ ዘመን የኔታ ብላ አልጠራችኝም። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም የሚሉት ለእኔ ነው።

ለምን አልነገርኳትም? ጥላኝ ትሄዳለች ብዬ ነው እንዳልል፣ ብትሄድ ኖሮ ሌላ አግብታ ወልዳ ትስም ነበር። ያን ማወቄ ነው ይበልጥ አፌን የዘጋው። ወንድነቴ ነው እንዳልል ደግሞ የቱ ወንድነት? በየዓመቱ ለፋሲካ ከመቁረቧ በፊት እግሬ ላይ ትወድቃለች። «ልጅ ያሳጣሁህ እኔ ነኝ፣ ይቅር በለኝ» ትለኛለች። እኔም «ይቅር ለእግዚአብሔር» እላታለሁ። እንዲህ አልኩ። በየዓመቱ አልኩ። ይህ አፍ እንጀራ ሲበላበት አያፍርም።

ዕድሜዋ እንዲሁ አለፈ። ፀጉሯ ሸበተ። እናቴም የልጅ ልጅ እንደተመኘች ይታይሽን ይቅር ብያታለሁ ብላ ሞተች። ሴት ተማሪዎቿ ብስክሌት ሲመኙ ስትሰማ ይታይሽ ለብቻ ጠርታ ተዉት ልጆቼ ትላቸዋለች። የእኔን «እኔ እንጃ» እሷ ትምህርት አድርጋ አስተማረችው።

በዚህ ሰሞን መኪና እየጠፋ መንገዱም እየተዘጋ ሲያስቸግር፣ ጤና ጣቢያ የተመደበች አንዲት ልጅ ብስክሌት አምጥታ በበራችን ትመላለስ ጀመር። ይታይሽ አንጀቷ አልቻለም። ዛሬ ጠዋት በሩ ላይ አስቆመቻት። እኔ ከውስጥ ሆኜ እሰማለሁ። ገና አልወለድሽም፣ ኋላ እንደ እኔ ትቆጫለሽ አለቻት። ልጅቱ ከብስክሌቱ ወርዳ በትሕትና አዳመጠቻት።

«እትዬ ይታይሽ፣ ማን ነው እንዲህ ያለዎት?» አለቻት። «ብስክሌት ማህፀን አይጎዳም። እኛ ሴቶቹን ተንቀሳቀሱ እያልን እየለመንን ነው።»

ይታይሽ ገብታ ፊት ለፊቴ ተቀመጠች። እጇን ጭኗ ላይ አደረገች።

«የኔታ» አለችኝ። ካላለችው ስንት ዘመኗ ነው። «አብዝቼው ነበር?»

«አላበዛሽም» አልኳት።

ያን ቃል ያን ማታ እናቴ ፊት ብለው ኖሮ ምን ያህል ይሞቅ ነበር። አሁን ግን ቀዝቃዛ ሆኖ ወጣ። አላለቀሰችም። አሰበች። ከዚያ ያን ማታ የፈራሁት ጥያቄ መጣ። ከእናቴ እንደጠበቅሁት በቁጣ አልነበረም፤ ቀስ ብላ ነው።

«ታዲያ ምኑ ነበር?»

ደብረ ታቦር ሄጄ ነበር ማለት ነበረብኝ። እኔ ነኝ ማለት ነበረብኝ። ከእንግዲህ የሚወሰድብኝ ምን አለ? ይታይሽ ትውለድ አይባል፣ ጊዜው አልፏል። እኔ ልክበር አይባል፣ የሚያከብረኝ የለም።

«እኔ እንጃ» አልኳት።

ተነሥታ እቃ ቤት ገባች። ጠፍሩን በቢላዋ ቆርጣ ብስክሌቱን ለብቻዋ አወረደችው። ይህን ስጽፍ ከጓሮ ጎማ ስትነፋ ይሰማኛል። ጎማው አርጅቷል፤ የነፋችው ይወጣል፣ እንደገና ትነፋለች። ካቴናውን ደግሞ ዘይት ለማቅመስ ከኩሽና ስትመላለስ አያለሁ። እርዳኝ አላለችኝም፤ ልርዳሽ ለማለትም አፍ የለኝም።

ይቅር በሉኝ አልላችሁም። ይቅርታ የእናንተ አይደለም። የእሷን ይቅርታ ልጠይቅ ብል፣ ለዚህ ሁሉ ዓመት ስትወድቅልኝ የኖረችውን ሴት በምን ፊቴ እግሯ ላይ ወድቄ ልለምናት? ፍየል ወዲህ ቅዝምዝም ወዲያ ሆኗል። ነገ ያን ብስክሌት ይዛ ትወጣለች። ሲመሽ ተመልሳ ግድግዳው ላይ ታስደግፈዋለች፣ ላቧን ትጠርጋለች፣ ምኑ ነበር ብላም ደግማ ትጠይቀኛለች። አውቃታለሁ፣ አትተወኝም። ያን ጊዜ ምን ትመልስላታለህ ብትሉኝ፣ እኔ እንጃ።